የምታንጠባጥበው ቧንቧ የማን ናት?

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፣ ወገኖቼ፤ ስለ ውሃ እጦት ስንነጋገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ስለምታንጠባጥብ ቧንቧ ግን አንዳችንም ትንፍሽ አንልም። ፈረቃው ተዛባ ብለን እንማረራለን፣ ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን እስከ እኩለ ሌሊት «መጣች?» እየተባባልን እንጠብቃለን፤ በመጣች ጊዜ ደግሞ የግቢያችን የጋራ ቧንቧ ጠብ ጠብ ስትል እያየን፣ ጫማችን እንዳይረጥብ ብቻ ተጠንቅቀን እናልፋለን። ይህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጥፋት የለበትም አልልም፤ ከመንገድ ሥር ለሚፈነዳው ትልቅ መስመር ተጠያቂው እርሱ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የእኛ ነው፤ ወቀሳዬም ይህንኑ የእኛን ድርሻ ብቻ የሚመለከት ነው።

እስኪ ቁጭ ብለን እንቁጠር። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የምትጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ትጥላለች። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነውና፣ በቀን ከ4 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ይፈስሳል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 79 ጀሪካን ገደማ ማለት ነው። ጠብታው ተያይዞ ቀጭን ክር ከሆነማ ሒሳቡ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ውሃ በጠፋበት ሳምንት አንዷን ጀሪካን በጋሪ ለማስመጣት ስንት እንደምንከፍል አሳምረን የምናውቅ ሰዎች፣ 79ኙን በነፃ ለቦይ ስንሰጥ አይቆጨንም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ስለ ወንዝ ቢሆንም፣ ለቧንቧም የሚሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደግሞም ይህ ውሃ ከሰማይ በቀጥታ ወደ ቤታችን የወረደ አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ነው፤ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ደግሞ ከከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል ሽቅብ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለዚህ በመታጠቢያ ገንዳው ላይ ጠብ የምትለው ውሃ ስትፈስ መድኃኒቱም፣ መብራቱም፣ ሌሊት ከፓምፑ አጠገብ ያደረው ሠራተኛ ድካምም አብረው ይፈስሳሉ።

እኔም ከወቀሳው ውጭ አይደለሁም። የማእድ ቤቴ ቧንቧ ከክረምት እስከ ክረምት ሲያንጠባጥብ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ባልዲውን መድፋት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኝ እንኳ አልነቃሁም። በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ስጠራ፣ ችግሩ ከሳንቲም የማትበልጥ ያረጀች ክብ ጎማ ሆና ተገኘች፤ እርሷን ለመቀየር የወሰደው ጊዜ አቦል ቡና የሚፈላበትን ያህል አይሆንም። አንድ ዓመት ሙሉ ያላፈርኩትን ያን ጊዜ አፈርኩ።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ «የኮሚቴው ሥራ ነው» የምትሏትን ነገር ተዉአት። ኮሚቴው እናንተው የመረጣችኋቸው፣ እንደ እናንተው ሥራ ውለው የሚገቡ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው ሲወርድ ድምፁን ሰምታችሁ፣ ትራሳችሁን አስተካክላችሁ የተኛችሁት እናንተ ናችሁ። ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ከፍታችሁ፣ አየር ብቻ ሲወጣ ሳትዘጉት ወደ ሥራ የሄዳችሁትም እንዲሁ፤ ማታ ስትመለሱ ምንጣፉ ሲዋኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

የሚገርመኝ፣ ጠብታን ማክበር ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል በመዳፉ ሲቀበል አንዲት እንኳ እንዳትወድቅበት ጣቶቹን የሚያጣብቅ ምእመን፣ ለውዱእ ሲቀመጥ ማባከን እንደማይገባው የተማረ ሙስሊም፣ ቤቱ ሲገባ የቧንቧውን ድምፅ የማይሰማው ለምንድን ነው?

ዛሬ ማታ ቧንቧዎቻችሁን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ መዘውር እየዞረች ከሆነ፣ በቤታችሁ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ሽንት ቤቱን ከጠረጠራችሁ፣ በውሃ መያዣው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ቆዩ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የሚያፈስሰው እርሱ ነው። የጋራው ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ጎረቤት በር አንኳኩና ለጎማዋ መግዣ አዋጡ።