የሱዙኪ ሪአክሽን በወፍጮ ይካሄድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሐዋሳ ያለ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እንደ ፓላዲየም ባለ ብረታ ብረት ካታሊስት (አፋጣኝ) የሚከናወኑ ሪአክሽኖችን (ኬሚካዊ ለውጦችን) በአሟሚ ፈሳሽ ውስጥ ከማፍላት ይልቅ የብረት ኳሶች ባሉት ወፍጮ ቢያካሂድ ይሻለዋልን?

ደጋፊ፣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህርት

የሐዋሳ ሐይቅ ውኃውን ይዞ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ በዚህች ከተማ የአሟሚ ነገር ሲነሣ ሐይቁም አብሮ ይነሣል። አኪራ ሱዙኪን እ.ኤ.አ. በ2010 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው፣ ቦሮን ያዘለን ውህድ ሃሎጅን ካዘለ ውህድ ጋር በፓላዲየም አማካይነት የሚያጣምረው ሪአክሽን፣ ዘወትር የሚሠራው እንደ ቶሉዊንና ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲልፎርማማይድ) ባሉ አሟሚ ፈሳሾች ውስጥ ነው፤ ከሚገኘው ምርት ይልቅ የሚደፋው ፈሳሽ እጅግ ይበዛል። በወፍጮ ሲሠራ ግን ጠጣሮቹ ከፓላዲየሙና ሪአክሽኑን ከሚረዳው ቤዝ (እንደ ሶዲየም ካርቦኔት ካለ አልካሊ) ጋር ይታሸጉና በሰከንድ 25 ወይም 30 ጊዜ በሚመላለስ ዕቃ ውስጥ በኳሶች ይወቀጣሉ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1820 የብር ክሎራይድን ከዚንክ ጋር በሙቀጫ ፈጭቶ ብር አውጥቷል። ጠጣር ውስጥ ፓላዲየም ተጓጉሎ ይደክማል የሚለው ስጋትም መላ ተገኝቶለታል፦ ሱዙኪ ባስተማሩበት በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የሀጂሜ ኢቶ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይክሎኦክታዳይን የተባለ ውህድ በጥቂቱ ጨምሮ ካታሊስቱ እንዳይጓጉል አድርጓል።

ተቃዋሚ፣ የቤተ ሙከራ ኃላፊ

ስለ ሐይቁ ባልደረባዬ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሒሳባቸው ግን ግማሽ ነው። ከወፍጮው የወጣው ዱቄት ከቤዙና ከፓላዲየሙ የሚለየው ኤቲል አሲቴት በተባለ አሟሚ ታጥቦና በሲሊካ ዓምድ (ውህዶችን በሚለይ፣ የሲሊካ ዱቄት በተሞላ ቱቦ) አልፎ ነው፤ ያ ፈሳሽ ወዴት ሊሄድ ነው?

ከዚህ የሚብሰው፣ ሪአክሽኑን ማን እንደሠራው አለማወቃችን ነው። የማይዝግ ብረት ሲፋጭ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ያራግፋል፤ ኒኬል ደግሞ ራሱ የዚህ ዓይነት ሪአክሽን ካታሊስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሱዙኪን ሪአክሽን ያለ ምንም ካታሊስት አካሄድን ያሉ ተመራማሪዎች በ2005 ራሳቸው እንዳረሙት፣ ሥራውን የሠራው በሶዲየም ካርቦኔቱ ውስጥ የነበረ፣ ከቢሊዮን 50 እጅ ገደማ የሚሆን ፓላዲየም ነበር። ብልቃጥ ውስጥ እንዲህ ካታለለ፣ ብረት በብረት ሲመታ ምን ሊሆን ነው? በብልቃጥ ቴርሞሜትር አስገብቼ፣ በየሩብ ሰዓቱ ጠብታ ወስጄ አያለሁ፤ ወፍጮውን ግን ካላቆምኩ የውስጡን አላውቅም።

ደጋፊ

የዕቃው መራገፍ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የጄምስ ማክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 የሶኖጋሺራን ሪአክሽን፣ ማለት ዘወትር ከፓላዲየም ጋር የመዳብ ጨው የሚገባበትን ሌላ የማጣመር ሪአክሽን፣ ከመዳብ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ፈጭቶ፣ የመዳብ ጨው መጨመርን አስቀርቷል። ጌታዬ እንከን ያሉትን እነርሱ መሣሪያ አደረጉት። ስለ ማጠቢያው ግን እውነት አለዎት፤ ምርቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ በማጣራት ብቻ የሚለይባቸውን ሪአክሽኖች ማስቀደም ነበረብኝ።

ተቃዋሚ

መዳቡ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ የእኔ ስጋት ሳይጠሩት የሚገባው ኒኬል ነው። እንግዲያው መፍጫው ዕቃና ኳሶቹ ከዚርኮኒያ፣ ኒኬል ከሌለው ጠንካራ ሴራሚክ፣ ይሁኑ፣ ፓላዲየም ያልገባበት ፈጫም አስቀድሞ ይደረግ። ያ ባዶ ፈጫ ምርት ካልሰጠ፣ እኔም ለመጀመሪያዎቹ ሪአክሽኖች ማፍያዬን አጠፋለሁ።