ሜዳው ባለቤት አለው

መስከረም በጠባ ቁጥር ስልክ የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ቪዲዮ ያያል። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ፣ እስከ ወገቧ የሚደርስ አደይ አበባ፣ ከኋላ የእንጦጦ ተራራ፣ ከላይ ድሮን። ከሥሩ ደግሞ «ቦታውን የምትፈልጉ ኮመንት ላይ ሎኬሽን ብላችሁ ጻፉ» ይላል። ኮመንት በበዛ ቁጥር ቪዲዮው ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ የሚያስጽፉትም ለዚሁ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ከእንጦጦ ወርዶ በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ዳርና ዳሩ መኪና ይደረደርበታል።

ይሄን የምንጽፈው ሱሉልታ፣ ሜዳው ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። እንግዳ አይምጣብን አላልንም። ፎቶም ይነሳ፣ አበባም ይታይ፣ የከተማው ሰው አየር ይቀይር። የሚያንገበግበን ግን ቪዲዮው ሲቆረጥ ተቆርጦ የሚቀረው ነገር ነው፦ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደተቀረጸ፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደማይነካ። ቪዲዮ ሠሪው ሰው ይልክብናል፤ ሰዎቹ ማወቅ ያለባቸውን ግን አብሮ አይልክም።

«ባዶ ሜዳ» የሚባለው መሬት ባዶ አይደለም። የተከለለ ሣር ነው። ክረምት ሲገባ ገበሬው ከብቱን ከሜዳው ያወጣል፤ ከብቱ በመንገድ ዳርና በጥጋጥጉ ሣር፣ ከአምና በተረፈ ገለባ ይከርማል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ሜዳው ሳይነካ እንዲያድግ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ይታጨዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን እየተገላበጠ ይደርቃል፣ ከዚያ ይከመራል። ከፊሉ የራስን ከብት በጋውን ያሻግራል፤ የተረፈው ለአዲስ አበባ ላም አርቢዎች ይሸጣል። ከተማ ውስጥ የሚጠጣው ወተት ይሄን ድርቆሽ የበላች ላም የሰጠችው ሊሆን ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ የሚወጣው ከዚሁ ሽያጭ ነው።

መስከረም ላይ ሣሩ ቁመቱን ሊጨርስ ደርሷል፣ አገዳው ግን ገና እርጥብ ነው። ያን ጊዜ በደንብ ከተረገጠ ተኝቶ ይቀራል። ማጭድ የሚይዘው የቆመ ሣር ነው፤ የተኛውን አጫጁ ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ከአፈር ጋር ይዞት ይመጣል። መሬት የነካው ሣር አየር አያገኝም፤ ጤዛውና ጭቃው ይይዘዋል፣ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። የሻገተው ከደህናው ጋር ከተከመረ ክምሩን ያበላሻል፤ ከብቱም አሽትቶ ይተወዋል። ገዢ ደግሞ ድርቆሽ ሲገዛ እጁን ክምሩ ውስጥ ከትቶ ያሸታል፤ የሻጋታ ሽታ ካገኘ ወይ ዋጋ ይሰብራል ወይ ጥሎ ይሄዳል።

አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያልፍበት ሣሩ ይችላል። ችግሩ ቪዲዮ የሚፈልገው ያልተረገጠ ሣር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቡድን አሥር እርምጃ ይገባና ይቀርጻል። ሁለተኛው ሲመጣ ፊት ለፊቱ የተረገጠ ሣር አለ፣ ፎቶ ላይ ያስጠላል፣ ስለዚህ ሃያ እርምጃ ይገባል። ሦስተኛው ሠላሳ። እንደዚህ እየተባለ ማታ ላይ ሜዳው መሃል ድረስ መንገድ ወጥቶበታል። ከመጡት አንዳቸውም ሜዳ አበላሸሁ ብለው አያስቡም፤ እያንዳንዱ የረገጠው ጥቂት ነውና። ቦታውን ካርታ ላይ በፒን የጠቆመው ሰው ግን ሁሉንም ወደ አንድ ነጥብ የላከ እሱ ነው። ሱሉልታ ሰፊ ነው፤ ጉዳቱ አንድ አባወራ ላይ የሚያርፈው በዚያች ፒን ምክንያት ነው።

አደዩም እንደዚያው ነው። ከዘር የሚበቅል አበባ ነው፤ ዘር ሳይዝ በሥሩ ከተነቀለ ለከርሞ እዚያ ቦታ ላይ የሚወድቅ ዘር የለም። ልጆች ለአበባዮሽ የሚቀጥፉት፣ ለደመራ የሚታሰረው ከድንበርና ከቦይ ዳር የሚለቀም ነው፤ እሱ ማንንም አልጎዳም። አሁን የመጣው ለ«ፕሮፖዝ» ቪዲዮ ቅስት መሥሪያ ተብሎ በሸክም የሚነቀለው ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ እዚያው ይጣላል። ንብ ያለው ሰው ይሄን ሲያይ ሆዱ ይቆረጣል፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚቆረጠው ንቦቹ አደዩን ቀስመው ነውና።

ወደ መንገዱ እንምጣ። አካባቢው ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ልክ መስከረም ነው። ቪዲዮው ላይ መኪና ሜዳው ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ያ የተቀረጸው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ይሆናል፣ ወይም ባለአራት ጎማ ነጂ መኪና ነው፣ ይሄን ግን የሚናገር የለም። ተመልካቹ በቪትዝ ይመጣል። ቪትዝ ሆዱ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ከአስፋልት ወርዶ ጥቂት እንደሄደ የፊት ጎማዎቹ ጭቃ ጠቅልለው ጥርሳቸው ይደፈናል፤ ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው እዚያው እየዞረ ይቆፍራል፣ ሆዱ አፈር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ጎረምሶች ተጠርተው፣ ድንጋይና ቅጠል ጎማ ሥር ተደርጎ፣ በገመድ ተጎትቶ ይወጣል። «ለመግፋት ብር ጠየቁን» ብለው ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ይሠሩበታል። ልጆቹ ግማሽ ቀን ሥራ ፈተው ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው የጎተቱት!

መኪናው ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ማንም አይቀርጸውም። መረሬ በጭቃነቱ የወጣበትን የጎማ ቦይ እንደያዘ ይደርቃል። ጥቅምት ላይ ያ ቦይ ድንጋይ ነው። ጋሪ ይገለበጥበታል፣ ፈረስና ላም እግራቸው ይታጠፍበታል፣ ሣር የሚያጭደው ሰው ይሰናከልበታል። እስኪታረስ ወይም የሚቀጥለው ክረምት እስኪያሟሟው ድረስ እዚያው ነው።

እግረኛውም ቢሆን ጭቃ ሲያይ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ዳሩ ሲጭቀይ የዳሩን ዳር። አንድ ሰው የምታሳልፍ መንገድ በአንድ ወር ውስጥ መኪና የምታሳልፍ ትሆናለች። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። አይስላንድ ውስጥ ፊያድራርግሉፉር የሚባል ሸለቆ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ቪዲዮ ቀረጸበትና ሰው ጎረፈበት። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲረጥብ ሰዎች ጭቃውን እየሸሹ ከመንገዱ ዳር ያለውን ለስላሳ የድንጋይ ሽበት ረገጡት፤ በ2019 ባለሥልጣናቱ ሸለቆውን ለጊዜው ዘጉት። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ኤልሲኖር የምትባል ከተማ የበረሃ አበባ ፈክቶ፣ ኢንስታግራም አይቶ የመጣው ሕዝብ አውራ ጎዳናውን ዘግቶ አበባው ላይ ተኛበት። በ2023 አበባው እንደገና ሲፈካ ከተማዋ ገና ከጅምሩ ቦታውን ዘግታ ማንም አይምጣ አለች። እነዚያ ጠባቂ ያላቸው፣ ለመንገድና ለአጥር በጀት ያላቸው አገሮች ናቸው። ሱሉልታ ያለ ገበሬ ያለው የእሾህ አጥርና ልጁ ናቸው።

የቀን ጉዞ የምታዘጋጁት ደግሞ ከሁሉ በላይ ታሳዝናላችሁ፤ እናንተ እየተመላለሳችሁ ታውቁታላችሁና። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ውኃ፣ ፎቶግራፈር፣ አንድ ዋጋ። ኮስተር ሞልቶ ይመጣል። ከዚያ ዋጋ ውስጥ ለሜዳው ባለቤት የተመደበ አንድ ብር የለም። መጸዳጃ የለም፤ ሰዉ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ ከወንዙ በታች ደግሞ ከብት ይጠጣል። የምሳው ፌስታል፣ የልደቱ ፊኛ፣ የሚረጨው ብልጭልጭ ወረቀት ሣሩ ውስጥ ይቀራል። ላም ሣር ስትግጥ ፌስታል ለይታ አትተውም፤ ሆዷ ውስጥ ይቋጠራል፣ አይፈጭም፣ አይወጣም። ቀስ በቀስ መብላት ትተዋለች፣ ትከሳለች፣ ታርዳ ስትከፈት ነው ምክንያቱ የሚታወቀው። የአንዲት ላም ዋጋ ከአንድ ኮስተር ሙሉ ሰው ክፍያ ጋር ይነጻጸር።

ድሮኑም አለ። ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚያበሩት ያውቃሉ። ጋሪ ላይ ያለ ፈረስ ግን ፈቃድ አይቶ አይረጋጋም፤ ጭንቅላቱ ላይ የሚያጓራ ነገር ሲመጣ ይበረግጋል።

እንጦጦ ላይ ደግሞ ሌላ ግፍ አለ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከ30 ኪሎ በላይ ጀርባቸው ላይ አጉብጦአቸው፣ ቁልቁለቱን እግራቸውን እያዩ ነው የሚሄዱት። አንዱ ስልኩን ደቅኖ ፊታቸው ይቆማል፣ ያሳዘነ ሙዚቃ ያስገባበታል፣ «እናት» ብሎ ይለጥፈዋል። እማማ ይቀረጹ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ጭነት ላይ ያለ ሰው መቆም አይችልም፤ ከቆመ ለመነሳት ሰው ያስፈልገዋል። እይታው ለቀራጩ ገንዘብ ያመጣል፣ እሳቸው ግን ጎረቤት ስልክ ላይ አይተው ያፍራሉ። ይሄ ይቅር፣ በእግዚአብሔር!

በዚሁ የጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ነው። እዚያ ያሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ምግባቸው ሣር ነው፤ በበጋ ሥሩን ቆፍረው ይበላሉ። ለቪዲዮ ሲባል ሙዝና ብስኩት ስለተለመደባቸው ሰው ሲያዩ ወደ ቦርሳ ይመጣሉ፤ ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ ወደ ገብስ ማሳ ይወርዳሉ፣ ገበሬውም በድንጋይ ያባርራቸዋል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ «ሳቀልኝ» ብለው የሚለጥፉ አሉ። ማስፈራራቱ ነው፤ ጥርሱም ትልቅ ነው። እዚያው አጠገብ ባለው «የፖርቱጋል ድልድይ» ላይ ቆመው ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚሉትም ያርሙ፤ ያሠሩት የአጼ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ገዳሙም በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ያለቁበት ነው፤ ደጁ ላይ ለዳንስ ቻሌንጅ ስልክ አይተከልም።

አሁን አንድ የሚያበሳጭ ነገር እንንገራችሁ፤ ያ የአበባ ባሕር የሚመስለው ቪዲዮ ሜዳ ውስጥ ሳይገባ ይቀረጻል። አደዩ በብዛት ያለው ቦይ ዳርና አጥር ሥር፣ አስፋልቱ አጠገብ ነው። ተቀራጯ ጠርዙ ላይ፣ ሣር የሌለበት ቦታ ትቁም። ቀራጩ ከእሷ ስድስት ሰባት እርምጃ ይራቅና ይንበርከክ፣ ስልኩን በአበባው ቁመት ልክ ያውርደው፣ በሰፊው ሌንስ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ አቅርቦ ያንሳ። ቅርብ ያለው አበባ ከፊት ይደበዝዛል፣ የኋላው ተጠጋግቶ ይታያል፤ ሁለት ክንድ ስፋት ያለው ረድፍ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ብርሃኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው የሚያምረው፤ እኩለ ቀን ላይ ቢጫው ይነጣል። ጠዋት የሚመጣ ግን መንገዱ ላይ የሚሮጡትን አትሌቶች ያሳልፍ፤ ልምምዳቸው ያኔ ነው፣ የመንገዱን ዳር በመኪና መዝጋት እነሱን ወደ አስፋልቱ መሃል መግፋት ነው።

መግባት ግድ ከሆነ ባለቤቱ ይጠየቅ። እረኛው ልጅ ባለቤት አይደለም፣ ለሱ አሥር ብር ሰጥቶ መግባት ፈቃድ አይባልም። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ሜዳው የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ይጠሩታል። ክፍያው ከመግባት በፊት ይቆረጥ፣ የት ድረስ እንደሚገባ እሱ ያሳይ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይግባ በዚያው ይውጣ። ለኮስተር ጉዞ ደግሞ አዘጋጁ ከሳምንት በፊት መጥቶ ይነጋገር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሣሩ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ግን አብዛኛው ሜዳ ክፍት ነው፤ ያኔ ጠይቃችሁ እንደልባችሁ ተመላለሱበት፣ ኳስም ተጫወቱበት።

ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ ካፕሽኑ ላይ የቀረጻችሁበትን ወርና ቀን፣ በምን መኪና እንደመጣችሁ፣ ለማን ምን እንደከፈላችሁ ጻፉ። ፒኗን ተዉት፤ «ሱሉልታ አካባቢ» ይበቃል። የአምናው ቪዲዮም ዘንድሮ እየዞረ ሰው እያመጣ ነው፤ ከሥሩ «መስከረም ላይ ሜዳው የተከለለ ድርቆሽ ነው፣ አትግቡ፣ መኪና አታስገቡ» የሚል ኮመንት ጽፋችሁ ከላይ ስቀሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዛሬ ማታ አድርጉት፣ ቅዳሜ ሳይደርስ።