ከመድኃኒቱ በፊት ጠብታው ይቆጠር

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ብዙው በራሱ ጊዜ ይድናል። አንዳንዱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይባዝናል፣ ከዚያ ሰው መለየት ያቅተዋል። ከዚህ በፊት የጉበት በሽታ ያልነበረበት ሰው፣ ሕመሙ በጀመረ በ26 ሳምንት ውስጥ አእምሮው ከደፈረሰና የደም መርጋት መለኪያው (አይኤንአር) 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕመሙ አጣዳፊ የጉበት መድከም ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አቅም ባለው አገር ጉበት ይቀየርለታል። ደሴ ድንገተኛ ክፍል ለተኛ ሰው ይህ የሚታሰብ አይደለም።

ኤን-አሴቲልሲስቲን የሚባለው መድኃኒት እዚህ በወጉ ይፈተን የምንለውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ለዋጠ ሰው ማርከሻ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ጉበት መርዙን የሚያመክንበት ግሉታታዮን ሲያልቅበት መልሶ ይሞላለታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ላይ ጉበታቸው በፓራሲታሞል በደከመ 50 ሰዎች ተፈትኖ፣ ከወሰዱት 48 በመቶ፣ ካልወሰዱት 20 በመቶ ተርፈዋል። እዚህ ግን ከፓራሲታሞል ይልቅ ቀድመው የሚጠረጠሩት ሄፓታይተስ ቢ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ኢ፣ የቲቢ ክኒን፣ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ የባህል መድኃኒት ናቸው።

ለእነዚህ ዓይነቶቹ የተደረገው ዋናው ሙከራ በ2009 የታተመው የአሜሪካው ነው። 173 አዋቂዎች ገቡበት። በሦስተኛው ሳምንት በሕይወት የነበሩት ከመድኃኒቱ ወገን 70፣ ከማስመሰያው (መድኃኒቱ የሌለበት ፈሳሽ) 66 በመቶ ናቸው፤ ይህን ልዩነት ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ጉበት ሳይቀየርላቸው የተረፉት ግን 40 እና 27 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙም የታየው ገና ግራ መጋባት ላይ ባሉት (52 በመቶ ከመድኃኒቱ ወገን፣ 30 በመቶ ከማስመሰያው) እንጂ ራሳቸውን በሳቱት ላይ አይደለም። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው፦ ሊሞት የነበረ ሰው ጉበት ሲቀየርለት ከሟቾች ዝርዝር ይወጣል፤ መድኃኒቱ ያዳነውና ቀዶ ሕክምናው ያዳነው ይደባለቃል። ደሴ ላይ ይህ መደባለቅ የለም። በ21ኛው ቀን ሰውየው አለ ወይም የለም። የማያስደስት ብልጫ ነው፤ ግን ጥያቄውን ያጠራዋል።

ሙከራውን የሚያበላሸው መድኃኒቱ ሳይሆን አልጋው አጠገብ የሚሠራው ሥራ ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው እንውሰድ። መጀመሪያ በኪሎ 150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 9 ግራም በአንድ ሰዓት፤ ቀጥሎ 3 ግራም በ4 ሰዓት፤ ከዚያ በሰዓት 375 ሚሊ ግራም ለ67 ሰዓት። በጠቅላላው 37 ግራም ገደማ፣ ባለ 2 ግራም አምፑል ከሆነ 19 አምፑል። የመጀመሪያው ዙር 45 ሚሊ ሊትር መድኃኒት በ200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ገብቶ፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሞላ ቱቦ በደቂቃ 82 ጠብታ ይወርዳል። ማሽን በሌለበት ይህን የሚቆጥረው የነርስ ዓይንና ሰዓት ነው። ሕመምተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ይቆማል፤ አስታማሚው «ቆሟል» ሲል ደግሞ ለማካካስ ይለቀቃል። 9 ግራሙ በሩብ ሰዓት ከወረደ ሰውነቱ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ አስም ካለበት ትንፋሹ ያጥረዋል። ያኔ ማቆም፣ የአለርጂ መድኃኒት መስጠት፣ ሲረጋጋ ቀስ ብሎ መቀጠል እንጂ ከሙከራው ማስወጣት አያስፈልግም።

ግሉኮሱም ራሱ ጉዳት የለሽ አይደለም፤ የደም ጨው ያወርዳል፣ ያበጠ አእምሮን ያባብሳል። ጨው በየ12 ሰዓቱ፣ የደም ስኳር በየ2 ሰዓቱ ሌሊትም ጭምር ይለካ። ስኳሩ የወረደ ሰው መዘባረቁ ከጉበት መዘባረቅ በዓይን አይለይም።

የአይኤንአር ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ደም የሚቀዳበት ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ከያዘ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ሊሞላበት ይገባል። ግማሹ ከተሞላ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው ሙከራው ውስጥ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደሙ የወፈረ ሰው አይጠፋም፤ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከ55 በመቶ ካለፈ ቱቦው በትክክል ቢሞላም ያው ስሕተት ይመጣል። ደም ሳይፈስ «ቁጥሩን ለማስተካከል» ፕላዝማ መስጠትም ይከልከል፤ ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ጉበቱ ግን እዚያው ነው።

መድኃኒቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ማስመሰያው ግሉኮስ ብቻ ከሆነ አምፑሉን የሰበረው ነርስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ፋርማሲስት በሌላ ክፍል ይቀላቅለው፤ የሕመምተኛውን ንቃት የሚመዝነው ሐኪም እዚያ ክፍል አይግባ።

ሕፃናት በዚህ ሙከራ አይግቡ። በ2013 በታተመው፣ 184 ልጆች በገቡበት ሙከራ ጉበት ሳይቀየርላቸው ዓመቱን የዘለቁት ከመድኃኒቱ ወገን 35፣ ከማስመሰያው 53 በመቶ ነበሩ። ከኮምቦልቻና ከታች ከቆላው የመጣ ሰው፣ መድኃኒቱን ወይስ ማስመሰያውን እንደሚወስድ የሚለየው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ወባ ይመርመር። ራሱን ላላወቀ ሰው ቤተሰብ ይፈርማል፤ ሲነቃ እሱም ይጠየቅ። የሀገር መድኃኒት ጠጥቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ቁጣ ከተቀላቀለበት መልሱ «የለም» ነው።

ሳይታከሙ የሚተርፉት 30 በመቶ ናቸው ብንልና ወደ 45 ማድረሱን ለማሳየት ብንፈልግ 325 ገደማ ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ 173ቱን ለመሰብሰብ ከ1998 እስከ 2006 ፈጅቶባቸዋል፤ ደሴ ብቻዋን አትችለውም፤ ወልድያ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር መግባት አለባቸው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የግድ ነው። የመድኃኒቱ ወገን ብቻ ከ3,000 በላይ አምፑል ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት መጋዘን ይግባ፤ በ40ኛው ሰዓት አልቆበት አስታማሚው ወረቀት ይዞ በፒያሳ ፋርማሲዎች የሚዞርበት ሙከራ ባይጀመር ይሻላል።