ፋይሉን ላኩለት

ወገኖቼ፣ ርኅሩኅ ሕዝብ ነን ስንል ማን ይችለናል! ዓይነ ስውር መንገድ ዳር ቆሞ ካየን እጁን ይዘን እናሻግራለን። አንዳንዱማ ሳይጠየቅ ሳንቲም ያስጨብጣል። የሚነበብ ሲጠይቀን ነው ጉዳችን የሚወጣው።

ሰሞኑን የሰማሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሕግ የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ሞጁሉን የጻፉት መምህሩ ራሳቸው ናቸው፣ ላፕቶፓቸው ላይ በዎርድ ተቀምጧል። ልጁ ጋ የደረሰው ግን ታትሞ፣ እንደገና በስልክ ፎቶ ተነስቶ፣ ፒዲኤፍ ተብሎ በክፍሉ ቴሌግራም የተለቀቀው ነው። ገጹ ተንጋዷል፣ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ሳይቀር አለበት። ለሚያይ ሰው እንደምንም ይነበባል። ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብለት ፕሮግራም፣ ለስክሪን ሪደር ግን ሥዕል ነው፣ አንድም ፊደል አያገኝበትም። ልጁ በከፈተው ቁጥር "ባዶ ነው" ይለዋል።

ቢሮ ሄዶ ዎርዱን ለመነ። "ሶፍት ኮፒ ከሰጠሁ ይባዛል፣ ጓደኞችህ ያንብቡልህ" አሉት። ይባዛል! ያው ሞጁል እኮ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ አለ! ጓደኞቹ አይታሙም፣ ሁለት ምዕራፍ በድምፅ ቀድተው ላኩለት። ፈተና ሲደርስ ግን እነሱም የራሳቸው ጥናት አለባቸው። የቀረውን ሳያነብ ተፈተነ። ውጤቱ ሲወጣ መምህሩ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ጠንክረህ ማጥናት ነበረብህ።"

ብሬል ቢጠይቅ ወረቀቱ ውድ ነው፣ ማተሚያ የለንም ትሉ ነበር። የጠየቀው አንዲት ፋይል ናት።

የቅጂ መብት እንዳትሉኝ ደግሞ። አገራችን የማራካሽ ስምምነትን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። ስምምነቱ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚነበብ ፋይል እንዲዘጋጁ የሚፈቅድ ነው። መፈረሙን ፈርመናል፤ ፋይል የሚልክ ሰው ነው የጠፋው።

አሳታሚዎችም አላችሁበት። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተለቀመ ጽሑፍ ለስክሪን ሪደር ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው፤ እባካችሁ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ አድርጉት።

አሁን ይሄን ጽፌ ነገ ሁሉ ይስተካከላል ብዬ አልጠብቅም፣ ስንቴ ተብሏል። ግን አዲስ ሴሚስተር ሊጀመር ነው፣ ልጁም ያንኑ ጥያቄ ይዞ የሌላ መምህር ቢሮ ያንኳኳል። ማን ያውቃል፣ እኚህኛው "ቴሌግራምህን ስጠኝ" ይሉት ይሆናል።