በአማላጅ የሚፋቅ ጥፋት የለም

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ከሁሉም በፊት በባጃጅም ሆነ በስልክ በሚጠራ መኪና ሰው እያመላለሳችሁ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናገረው ይከብዳችሁ ይሆናል፤ ግን ስሙኝ። ይህች ከተማ የምትንቀሳቀሰው በእናንተ ነው። ተማሪው ከመናኸሪያ ፔዳና ፖሊ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚደርሰው፣ ምጥ የያዛት እናት በእኩለ ሌሊት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የምትገባው በእናንተ ነው። እንዲህ ያለ አደራ የተሸከመ ሰው ጠጥቶ መሪ ሲይዝ፣ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ታናሽ ወንድሙ ቁልፍ ሲሰጥ፣ ሰው ገጭቶ ሲያመልጥ ዝም ብለን ማየታችን ነውር ነው። ነውሩ ደግሞ የሹፌሩ ብቻ አይደለም።

ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። ከባድ ጥፋት የሠራ ሹፌር ሲያዝ መጀመሪያ የምንፈልገው የሚያውቅ ሰው ነው። «እገሌ ጋ ደውሉለት» እንባባላለን። እሱ ካልተሳካ «ቅጣቱን ከፍሎ ይገላገል» እንላለን። ኧረ ምን ተገላገለ! የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ጥፋትን በብር ብቻ አይቀጣም፤ በሹፌሩ ስም ነጥብ ያስመዘግባል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ለቢሮ ሠራተኛ መንጃ ፈቃዱ ቢታገድ በእግሩም በታክሲም ሄዶ ሥራው ይገባል። ለእናንተ ግን የታገደው እንጀራችሁ ነው። የቀን ገቢ የምታስገቡለት ባለንብረት ባጃጁን አቁሞ አይጠብቃችሁም፤ በማግስቱ ለሌላ ይሰጠዋል። በስልክ ጥሪ የሚያሠራው ድርጅትም ቢሆን የጸና መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው ማሠራት አይችልም።

ባሕር ማዶም ሕጉ አይላላም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በስልክ በሚጠሩት በኡበርና በሊፍት የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት። እዚያ የሹፌሩ የመንዳት ታሪክ በየጊዜው ይመረመራል፤ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው ለዓመታት ከሥራው ይወጣል፤ የግል መኪናው ኢንሹራንስም ይወደድበታል።

ሰው ከሞተማ ነገሩ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወት መጠበቅ የሙያ ግዴታው የሆነ ሰው፣ ሹፌርንም ጨምሮ፣ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይፈርድበታል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ የታወቀ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ወይም ሹፌሩ በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ስቶ ከነበረ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ እስኪገባ ድረስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ሁላችሁም ትገዛላችሁ፤ ወረቀቱን መስታወት ላይ ትለጥፉና «ኢንሹራንስ አለኝ» ትላላችሁ። ያ ወረቀት የቆመው ለተጎዳው ሰው ነው። የእናንተን ባጃጅ አያስጠግንም። የሚከፍለውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ካሳ የባለንብረቱን ቤት ያንኳኳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባጃጅ ገዝታችሁ ለሌላ ያከራያችሁ አባቶችና እናቶች፣ ይህ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ቁልፉን ለማን እንደምትሰጡ ሳታጣሩ የቀን ገቢውን ብቻ የምትቆጥሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ቤታችሁንም መሬታችሁንም አብራችሁ ትቆጥራላችሁ።

የራሳችሁን መኪና ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ሽፋን የገባችሁም አትዘናጉ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ከነዳ፣ ሹፌሩ ሰክሮ ከነበረ፣ ወይም ለግል አገልግሎት ተብሎ የተመዘገበ መኪና በገንዘብ ሰው ሲያመላልስ ከተገኘ፣ በተለመደው የመድን ውል ኩባንያው አልከፍልም የማለት መብት አለው። የቤት መኪናውን በትርፍ ሰዓት ለትራንስፖርት የሚያሠራ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግሞ ያንብብ። የመድን ክፍያውን፣ አረቦኑን፣ ለመቀነስ ብላችሁ ሥራችሁን ከደበቃችሁ ዓመቱን ሙሉ የከፈላችሁት ለከንቱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሹፌር መቀየር ነው። አደጋው ሲደርስ መሪ ላይ የነበረው መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ነው። ፖሊስ ሳይደርስ መንጃ ፈቃድ ያለው አጎት ይጠራና «የነዳሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሽማግሌዎችም አብረው ይመሰክራሉ። የተከበራችሁ ሽማግሌዎቻችን፣ እናንተ የተቀመጣችሁት ለማስታረቅ ነው፤ በሐሰት መመስከር እርቅ አይደለም። ውሸቱ የተገለጠ ቀን ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ አጎቱም ልጁም ይከሰሳሉ፤ ፈለገ ሕይወት አልጋ ላይ የተኛው ሰው ደግሞ ይጉላላል። ለማን አዘናችሁ?

መንገዱ ስለሰፋ ፍጥነት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ እግረኛውም ብስክሌተኛውም በላዩ ላይ ያልፋሉ። የዚህ ከተማ ልጅ በብስክሌት ያደገ ነው፤ በዘንባባው ጥላ ሥር በጠርዝ በጠርዝ የሚሄደውን ተማሪ ሁሉ የገዛ ወንድማችሁ ነው ብላችሁ እዩት።

እኛ ተሳፋሪዎችም አንድ ነገር እንጀምር። ሹፌሩ አፉ መጠጥ መጠጥ ከሸተተ፣ ዓይኑ ከጨፈገገ፣ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ከነዳ «ወንድሜ፣ አቁምልኝ፤ እዚሁ እወርዳለሁ» እንበል። በጥምቀትና በፋሲካ ማግስት በተለይ። ባለንብረት ደግሞ ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ቀኑንና ምድቡን ይይ፤ የኢንሹራንስ ውሉንም ያውጣና «ኩባንያው ኃላፊነት የማይወስድባቸው» የሚለውን ገጽ ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው።