ከጠበቃው ለሚደብቅ ደንበኛ የቀረበ ምስጋና

አዲስ አበባ ውስጥ ምስጢር አያድርም የሚል ሰው፣ የሱቅ ኪራይ ክርክር ይዞ ጠበቃ ቢሮ የገባ ነጋዴ ገጥሞት አያውቅም። ጠበቃው የደንበኛውን ምስጢር እንዲጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ያስገድደዋል። ደንበኛው ግን ማንም ሳያስገድደው ምስጢሩን ከጠበቃው ይጠብቃል። የቱ ይበልጥ ምስጋና እንደሚገባው ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

«ሱቁን የተከራዩት መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አባቱ መርካቶ በረንዳ ላይ ሸራ ዘርግተው ልብስ ከሸጡበት ዘመን ይነሳል። የአከራዩ እናት ያረፉ ለት ድንኳን ሲተክል ማምሸቱን፣ ለሰልስቱ ሁለት ሣጥን ለስላሳ ማስገባቱን በዝርዝር ያስረዳል። ቡናው ቶና ደርሷል፤ ወሬው ገና ውሉ ጋ አልደረሰም።

«ውሉን ይዘው መጥተዋል?»

«እንዴታ! ስልኬ ላይ አለ።»

ፎቶው ይከፈታል። የሰውየው አውራ ጣትም ከውሉ ጋር አብሮ ተነስቷል። ስንትና ስንት ባዶ ቦታ እያለ ጣቱ ያረፈው የኪራዩ ልክ የተጻፈበት መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው ገጽስ ሲባል «እሱ እንኳ ምንም የለበትም፣ ፊርማ ብቻ ነው።»

ኪራዩ በወር 15 ሺህ ብር ነው አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ሌላ የፈረሙት ወረቀት አለ? «በማርያም! ምንም።»

ሕግም ያውቃል። «መንግሥት ኪራይ መጨመር ከልክሎ የለም እንዴ?» አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን እንደማይመለከት ሲነገረው፣ አሰብ አደረገና «ማታ ማታ ዘበኛው ይተኛበታል እኮ» አለ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሱቅ ውስጥ መባከኑ ያሳዝናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉ አበው ግብር ከፍለው አያውቁም መሰለኝ። ችሎት ላይ የአከራዩ ጠበቃ አንዲት ወረቀት መዘዘ። የብድር ውል ናት፤ 540 ሺህ ብር፣ ተበዳሪው የኛ ሰው። ለካ ዋናው ኪራይ በወር 60 ሺህ ኖሯል። 15ቱ ሺህ በሠንጠረዥ «ለ» ለሚታሰበው የኪራይ ገቢ ግብር የተሰፋ ልብስ ሲሆን፣ የቀረው 45 ሺህ የዓመቱ ተደምሮ «ብድር» ተብሏል። የኛ ሰው ይህንኑ በየወሩ በጥሬው ከፍሎ ጨርሷል። ደረሰኝ? ከወንድም ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ!

ጠበቃው ኮሪደር ላይ ሲያፋጥጠው «ኧረ እሱማ ለገቢዎች ብለን ነው፣ ብድርማ የለም! ስቆጥርለት ያዩ ሦስት ምስክሮች አሉኝ» አለ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መመለሱ በምስክር እንደማይረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይናገራል (ያኔ 500 ብር፣ ብር ነበረ)። ሦስቱ ምስክሮች ግን አልቀሩም፤ ከረባት ሳይቀር አስረው ነው የመጡት።

የዚያኑ ለት ማታ ደንበኛችን ለወዳጆቹ «ጠበቃዬን አከራዩ ሳይገዛው አልቀረም» አላቸው። ስለ ብድር ውሉ ግን ለእነሱም ትንፍሽ አላለም።