ለሚረግፍ ፀጉር ዘይትና እንክብል፦ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ክርክሩ አንድ ነው፦ የፀጉር መርገፍን ያስቆማሉ ተብለው የሚሸጡት ዘይቶችና እንክብሎች በእርግጥ ይሠራሉ? "ይሠራሉ" የሚሉት ቱሉ ዲምቱ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላቸው እናት ናቸው። "አብዛኞቹ አይሠሩም" የሚለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ፋርማሲ የሚሠራ ወጣት ነው።

ፀጉር ሠሪዋ፦
እኔ የማወራው በእጄ ስላለፈ ፀጉር ነው። አራስ ሴት ፀጉሯ በእፍኝ እየወረደ ትመጣለች። የጥቁር አዝሙድና የጉሎ ዘይት ቀላቅዬ እቀባታለሁ። በሦስት ወር ግንባሯ ላይ አዲሱ ብቅ ብቅ ይላል። አልሠራልኝም ብላ የተመለሰች ደንበኛ የለችኝም። ሳይንስ ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በፈረንጆች 2015 የወጣ ጥናት የጥብስ ቅጠል ዘይትን ፋርማሲ ከሚሸጠው የፀጉር ቅባት፣ ከሚኖክሲዲል ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ታዲያ ሐኪም ሲያዘው መድኃኒት፣ እኔ ስቀባው የመንደር ወሬ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ፋርማሲስቱ፦
እትዬ፣ ያልሠራላት ሴት እኮ አትመለስም! ሌላ ፀጉር ቤት ነው የምትሄደው። እርስዎ የሚያዩት የተሳካላቸውን ብቻ ነው።

አራሷንም እንያት። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ላይ ይወርዳል። ሥሩ ግን አልሞተም። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ራሱ ይመለሳል። ከከባድ ትኩሳት በኋላም እንዲሁ ነው። ሰው ደግሞ ዘይት የሚገዛው መርገፉ በባሰበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ መሻሻሉ አይቀርም፣ ውሃም ቢቀቡ።

ጥናቱን አንብቤዋለሁ። 100 ሰው ነው፣ 50 በ50። ምንም ያልተቀባ ቡድን የለውም። የተወዳደረውም ከ2 በመቶው ሚኖክሲዲል ጋር ነው። በሦስተኛው ወር በሁለቱም በኩል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ የታየው በስድስተኛው ነው። የእርስዎ "በሦስት ወር" ከየት መጣ?

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር። የዋጡት ሰዎች ሰውነታቸው ላይ ፀጉር በዛባቸው። ከዚያ ቅባቱ ተሠራ፣ መድኃኒት ከሌለበት ቅባት ጋር ተፈተነ፣ በፈረንጆች 1988 አሜሪካ ለወንዶች ፈቀደችው። ለወንዶች መመለጥ የሚዋጠው ፊናስቴራይድ በ1997 ተከተለ። ሁለቱም ቢሆኑ ሲያቆሟቸው ያተረፉት ፀጉር ይሄዳል። ይህን ፊት ለፊት እንናገራለን።

ፀጉር ሠሪዋ፦
"ውሃም ቢቀቡ" አለ! አንባቢ ይፍረደን። ማበጠሪያዋ ላይ ያለውን ፀጉር እያሳየች የምታለቅስ አራስ "ሂጂ ውሃ ተቀቢ" ትባላለች? ለመሆኑ የዚያችን ሴት ፀጉር ራሱ እንደተመለሰ አንተ በምን አወቅህ? አላየሃት፣ አልነካሃት።

ደግሞ ልጠይቅህ። መደርደሪያህ ላይ የተደረደረው ባዮቲን የሚሉት የፀጉር ቫይታሚን የማን ነው? ዋጋው ከእኔ ዘይት ስንት እጥፍ ነው? እሱስ መድኃኒት ነው ወይስ ውሃ?

ፋርማሲስቱ፦
ፋርማሲው የእኔ አይደለም፣ ተቀጣሪ ነኝ። ባዮቲን የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው ነው፤ እጥረቱ ደግሞ ብርቅ ነው። እንዲያውም በፈረንጆች 2017 የአሜሪካው የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል፤ በብዛት ሲወሰድ የደም ምርመራን ያዛባል፣ የልብ ምርመራ ሳይቀር። ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እነግራለሁ።

እርስዎ ግን ስለማይመለሱት ሴቶች አልመለሱልኝም። እኔ ልንገርዎት? አንዳንዶቹ ግንባራቸው የሸሸው በጥብቅ ሹሩባና በብሬድ ነው። ለዓመታት የተጎተተ ሥር ይሞታል፣ ያኔ ሚኖክሲዲልም አይመልሰውም። ያ ሹሩባ የት ተሠራ? እዚያው ዘይቱ የሚሸጥበት ቤት።

ፀጉር ሠሪዋ፦
አሁንስ አበዛኸው። ስለ ዘይት ስንከራከር እንጀራዬ ውስጥ ገባህ። በዚህ እጅ ነው ልጆች ያሳደግሁት። አጥብቂው፣ ቶሎ እንዳይፈታ የምትለኝ ደንበኛዋ ናት። እኔ የፊቱን አላላለሁ። ራሷን ካመማት ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ፣ ሳላስከፍል። አንተስ? "ለጠየቀኝ እነግራለሁ"! ያልጠየቀችህ ከፍላ ነው የምትሄደው።

ፋርማሲስቱ፦
እትዬ፣ ላስቀይምዎት አልፈለግሁም። የምለው ሴትዮዋን ዘይት እየቀቡ አያቆዩአት ነው። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የእንቅርት ችግር ሊሆን ይችላል። የልጅ ቆረቆርም የሚዋጥ መድኃኒት ካላገኘ በዘይት አይድንም። ምርመራ ይላኩ።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ቆረቆር ያለበትን ራስ ነክቼም አላውቅ። ላኪ አልከኝ። የት? የቆዳ ሐኪም እዚህ ሰፈር አለ? ከዚህ አለርት ሆስፒታል ድረስ ከተማውን አቋርጣ፣ አራስ ልጅ አዝላ፣ ታክሲ እየቀያየረች ትሂድ? እኔ ጋ በእግሯ ትመጣለች። የሚሰማት ሰው ታገኛለች። እሱም ውሃ ነው በለኝ!

ፋርማሲስቱ፦
እሱን ውሃ አላልኩም። መስማቱንማ በነፃ ነው የሚሰጧት፤ የሚያስከፍሏት ለጠርሙሱ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ፦
አንተ ደግሞ ለባዮቲኑ። መጀመሪያ እሱን ከመደርደሪያው አውርደውና ና።

ፋርማሲስቱ፦
ለባለቤቱ እነግረዋለሁ። ያልተመለሱትን ሴቶች ነገር ግን አሁንም አልነገሩኝም።